ጋሽ ጂግሶ ሳይለካ የሠራው ወንበር

የጋሽ ጂግሶን መሞት የሰማሁት ልብስ ሰፊ ቤት ቆሜ ነው። ዲላ ሳለሁ ያስተማርኳት፣ ዛሬ የልጆች እናት የሆነች ሴት ቀሚሷን ልታስጠብብ መጥታ አገኘችኝና፣ ጉንጬን ስማ ሳትጨርስ «እትዬ፣ ጋሽ ጂግሶ አረፈ እኮ!» አለችኝ። ክው አልኩ። «ቀብሩ እንዴት ነበር?» ስላት ግን ከንፈሯን ነክሳ ከሳቋ ጋር ስትታገል አየሁ።

«ለቅሶ ቤቱ መቀመጫ ያንሳል ተብሎ ተፈርቶ ነበር» አለችኝ። «ሰው ሁሉ የየራሱን ወንበር ተሸክሞ መጣላችሁ! ዝናቡ ይወርዳል፣ ከተማው በሙሉ ወንበሩን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ዳገቱን ይወጣል። እንደተደረሰ አንዱ የሌላውን ወንበር በስህተት ይወስድና ገና ቁጭ ከማለቱ ብድግ! ‹ይሄ የኔ አይደለም፣ ወገቤን በላኝ!› ይላል። ለቅሶው ቀርቶ ወንበር መለዋወጥ ሆነ።»

ያን ጊዜ ሳቅኩ። ልብስ ሰፊው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። አፈርኩ፣ ግን እያፈርኩም ማቆም አቃተኝ። ያለቀስኩት ማታ ቤቴ ገብቼ ነው፤ እሱንም ቢሆን በመሃል በመሃል እየሳቅኩ።

ዲላ የነበርኩበት ጊዜ የንጉሡ መንግሥት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር፤ እኛ ግን መጨረሻ መሆኑን የምናውቅበት መንገድ የለም። ዲላ የተመደብኩት የእጅ ሥራ አስተማሪ ሆኜ ነው፤ ጥልፍና ሹራብ አስተምራለሁ። የተከራየሁት ክፍል ከአልጋ በቀር ምንም ስላልነበረው በመጀመሪያው የገበያ ቀን ወንበር ልገዛ ወጣሁ። ገበያው ዳር፣ ከዋርካው ሥር አንድ አጠር ያለ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው በቀርከሃ ክምር መሃል ተቀምጦ ይፍቃል። ከቡሌ ደጋ የወረደ ጥሩ ቀርከሃ ነው። የተሠራ ወንበር ግን አንድም የለም።

«የተሠራ የለህም?» አልኩት።

«ለማን ነው?»

«ለኔ ነዋ!»

«እሺ። አንተ ቁም።»

የጋሽ ጂግሶ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። ባልም ሚስትም፣ ቄስም ላምም ለሱ «አንተ» ነው። ቆምኩ። ከኪሱ የቃጫ ገመድ መዘዘና እፊቴ ተንበርክኮ ከተረከዜ እስከ ጉልበቴ እጥፋት ለካና አንድ ጊዜ ቋጠረ። ዞረና የዳሌዬን ስፋት ለክቶ ሌላ ቋጠረ። ከወገቤ እስከ ትከሻዬ ለካና ሦስተኛውን ቋጠረ። ይሄ ሁሉ በገበያው ፊት ነው። ያ አልበቃ ብሎት ውጤቱን ጮክ ብሎ ያውጃል፤ «አስተማሪ እግር ቀጭን! ቂጥ መካከለኛ! ጀርባ... በጣም ጥሩ ጀርባ!» ሽንኩርት ሻጮቹ ተቀባበሉት። ለአንድ ወር ያህል በሄድኩበት ሁሉ «ጥሩ ጀርባ መጣች» ይባልልኝ ነበር።

ተናድጄ ወንበሩን ላልወስድ ምዬ ነበር። በሳምንቱ ሠርቶ በትከሻው ተሸክሞ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ተቀመጥኩበት። እስከዚያ ቀን ድረስ ወገብ እንዳለኝ አላውቅም ነበር ማለት ነው። ማስታወሻዬን እየያዝኩ፣ የተማሪ ጥልፍ እያረምኩ፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ቁጭ እያልኩ እዚያው ወንበር ላይ መሸብኝ።

ቤቱ የሄድኩ ቀን ደግሞ ጉድ አየሁ። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በቃጫ ገመድ ተሞልቷል፤ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቋጠሮ አለው። የለካውን ሰው ገመድ አይጥልም። «ዲላ ቂጥ ሁሉ እዚህ አለ» አለኝ በኩራት። የባለ ርስቱ ገመድ ከቡና ለቃሚዋ ገመድ አጠገብ፣ የዳኛው ከአናጢው አጠገብ ተንጠልጥሏል። የትኛው የማን እንደሆነ ሳይጽፍ ያውቃል። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ስለወፈረ አዲስ ወንበር ሲያዝዝ «በድሮው ገመድ ሥራልኝ፣ ሰው እንዳይሰማ» ብሎ ቢለምነው፣ ጋሽ ጂግሶ በጣም አዘነለትና «እሺ፣ ግን አንተ ግማሽ ብቻ ትቀመጣለህ» አለው።

ሲበዛ ግትር ነበር። ለማን እንደሆነ ካላወቀ አይሠራም፤ ካልለካ አይሠራም። የመጣው ይምጣ።

አሁን ወደ ዱካሌ ልምጣ። ዱካሌ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ አርባ ገደማ፣ ምላሷ የተባ። የገበያ ቦታዋ ከጋሽ ጂግሶ ጎን ነው። ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ስምንት ዓመት ተጣልተዋል። የቀርከሃው ፍቅፋቂ ድስቷ ውስጥ ይገባል፤ የድስቷ ጥላሸት ቀርከሃውን ያጠቁራል። በጌዴኦኛ ነው የሚጨቃጨቁት። አራት ዓመት ስለቆየሁ የሚሉት አይጠፋኝም ነበር፤ አንዳንዱን ባልሰማው ይሻለኝ ነበር። አንዱ ቀርቶ ሌላው ብቻውን በመጣ ቀን ግን የመጣው ሰው ቀኑን ሙሉ መንገድ መንገዱን ሲያይ ይውላል። ይህንን ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል።

ያውቃል፣ ግን አይናገርም። ምክንያቱም ዱካሌ ሸክላ ሠሪ ናት። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪ ሰው ቤት ገብታ አትቀመጥም። የሠራችው ድስት ማጀት ድረስ ይገባል፣ እሷ ደጅ ቆማ ትመለሳለች። ከሰው እኩል በርጩማ ላይ አትቀመጥም፤ መጋባትማ አይታሰብም። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ያዘዝኳትን እንስራ ደጄ ላይ ተቀብዬ «ግቢ» ሳልላት እንደሸኘኋት ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል። የከተማው ሰው ሁሉ ገመድ ከዚያ ግድግዳ ላይ ሲንጠለጠል የሷ ብቻ የሌለው ለዚህ ነበር። ማንም መቀመጫ የማይሰጣትን ሴት በገበያ መሃል ተንበርክኮ ቢለካት፣ ቤቱ ሊያስቀምጣት፣ ሊያገባት መሆኑን መናገሩ ነው።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። አዲስ አበባ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ለገና የእጅ ሥራ ባዛር ሊያዘጋጅ ነው፤ ከየአውራጃው ሁለት ባለሙያ ይላክ ተብሏል። ከኛ ጋሽ ጂግሶና ዱካሌ ተመርጠዋል፤ ይዤያቸው የምሄደው እኔ ነኝ። በደስታ እየሮጥኩ ገበያ ወረድኩ።

«አዲስ አበባ ለገና ወንበር ልትሠራ ነው!» አልኩት።

«ለማን ነው?»

«ለአዲስ አበባ ሰው።»

«አዲስ አበባ ሰው ስሙ ማነው? ጉልበቱ ስንት ነው?»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አልሆነም። ተስፋ ቆርጬ ልሄድ ስል ዱካሌን ዞር ብዬ አንቺም ተመርጠሻል አልኳት። ጋሽ ጂግሶ የያዘው ቢላዋ ቆመ። ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገና «አዲስ አበባ... እግር ሳይቆረጥ፣ ጀርባ ሳይታሰር ይዘን ብንሄድስ?» አለኝ። እዚያው ሰዉን እያስቀመጠ ሊለካ፣ እዚያው ሊቆርጥ ነው። ከሃሳቡ ይልቅ ሃሳቡ የመጣበት ፍጥነት አሳቀኝ።

አሥራ ሁለት ያላለቁ ወንበሮች አዘጋጀ። በመሄጃችን ዋዜማ ቤቱ ሄጄ ጭነቱን ስቆጥር አሥራ ሦስተኛ አገኘሁ። ያለቀ፣ ከሁሉም የሚያምር፣ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የታሰረ ወንበር ነው። የማን እንደሆነ ሳልጠይቀው ታላቅ ወንድሙ ከኋላዬ ገባ። ጥቅልሉን አየ። የኔ መኖር አላገደውም።

«ያቺን ሸክላ ሠሪ አስቀምጠህበት እንደሆነ» አለው «ደጄን አትረግጥም። የወንድሞችህንም ደጅ።»

ጋሽ ጂግሶ ጥቅልሉ ላይ አንድ ገመድ ጨመረና አጥብቆ አሰረው።

አውቶቡሱ ላይ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ሳቄ ይመጣል። ወንበሮቹ ጣሪያ ላይ ተጫኑ። ዱካሌ ግን «ሸክላዬ ጣሪያ ከወጣ እኔም አብሬ እወጣለሁ» አለች፤ የምሯን ነው፣ መሰላሉን ይዛለች። ሾፌሩ ተሸነፈ። አጠገቧ የደረሰው ተሳፋሪ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ወፍራሙ የጨርቅ ነጋዴ! እንዳያት ተነስቶ ቆመ። ይርጋዓለም መገንጠያ ሳንደርስ መኪናው ጉድጓድ ገባና አንድ ድስት ተንሸራቶ ወደ በሩ ሲሮጥ ነጋዴው ሳያስበው ተወርውሮ ያዘው። «አንገት አይደለም! ሆድ ያዝ!» ብላ ጮኸችበት። የድስቱን ሆድ ያዘ። ቁጭ አለ፤ አጠገቧ። ከዚያ በኋላ አንድ አንድ እያለች አደለች። ሻሸመኔ ስንደርስ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ሸክላ ታቅፏል። ሞጆ ላይ ነጋዴው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ድስቱን ለኔ አደራ ሰጥቶ፣ ተመልሶ «አልነካሽውም አይደል?» አለኝ። አዲስ አበባ ስንደርስ የተሰበረው አንድ ክዳን ብቻ ነው። እሱንም የሰበርኩት እኔ ነኝ።

የባዛሩ አዳራሽ ሲገባ ዓይን ያጥበረብራል። ባለቀለም አምፖል፣ ፊኛ፣ ቶምቦላ፣ መድረክ ላይ የሙዚቃ ጓድ፣ ባርኔጣና ነጭ ጓንት ያደረጉ እመቤቶች። የሐረር ሞሰብ፣ የጅማ በርጩማ፣ የዶርዜ ጋቢ በየጠረጴዛው ተደርድሯል። መሃል ላይ በረዶ ይመስላል ተብሎ በጥጥ የተሸፈነ ትልቅ ጥድ ቆሟል። ጋሽ ጂግሶ ዙሪያውን ዞረው። «ይሄ ሁሉ ጥጥ ዛፍ ላይ ማን ረሳ?» አለኝ። «አገሩ ፈታይ የለም?» ሰው ሳያየው አንድ እፍኝ ያህል ነቅሎ ለዱካሌ ወስዶ ሰጣት፤ እንድትፈትለው።

ከዚያ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ቆንጆ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ነበረች። «አንተ ቁም» አላት። ቆመች። ተንበረከከ፣ ለካ፣ ቋጠረና ያ የፈራሁት መጣ። «ጉልበት ጥሩ! ቂጥ ብዙ!» ብሎ አዳራሹን ሞላው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሴትዮዋ ግን ባሏን ጠርታ «ደግሞ እሱን ለካልኝ!» አለች። ካባ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ተለኩና «ሆድ ወንበር ላይ አይገባም፣ ለብቻው ይቀመጣል» ተባሉ። ሽማግሌው እስኪያነቡ ሳቁ። አንድ ፈረንጅ ደግሞ ከመርዘሙ የተነሳ ገመድ አልበቃ ብሎት ሌላ ቀጠለለት። ቶምቦላው ተረሳ፤ ሰልፉ ጥዱን ዞረ። መጋዙ ይጮኻል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ እኔ ፍቅፋቂ እየጠረግኩ ባርኔጣ እይዛለሁ።

ዱካሌስ? አዘጋጆቹ መቀመጫ ሰጥተዋት ነበር፤ ሳትነካው ከጠረጴዛዋ ኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ከፊት ለሚመጣ ሰው ድስቶቹ ብቻ ናቸው የሚታዩት። ገዢ ሲጠይቅ ድምፅ ከጠረጴዛው ሥር ይመልስለታል፣ እጅ ብቅ ብሎ ዕቃውን ያቀብለዋል። ሰዎች ጨዋታ መስሏቸው ጎንበስ እያሉ ያይዋት ነበር። እኔ ግን ጨዋታ አለመሆኑን አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ «ተነሺና ወንበሩ ላይ ተቀመጪ» ብያት ሁለት ጊዜ «እዚህ ይሻለኛል» አለችኝ።

በሁለተኛው ቀን፣ አሥራ ሁለቱም ወንበሮች ካለቁ በኋላ፣ አንዲት ትልቅ እመቤት ከነአጃቢዎቻቸው መጡ። የባዛሩ ኃላፊ ከኋላ ከኋላቸው ትሮጣለች። እመቤቲቱ ጥቅልሉን አዩትና ይፈታ አሉ። አንዱ አጃቢ የእንሰቱን ቅጠል ገለጠው። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ያለ ወንበር አይቼ አላውቅም። ጀርባው በቀጭን በቀጭኑ ተሰንጥቆ እንደ ጥልፍ ተሸምኗል።

«ይህን እኔ እወስደዋለሁ» አሉ።

«ይሄ አንተ አይሆንም» አለ ጋሽ ጂግሶ።

ኃላፊዋ ደነገጠች። «እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማለት የፈለገው...» ብላ ወደኔ ዞረችና በሹክሹክታ «እዚህ አዳራሽ የማይሸጥ ዕቃ አይገባም! ወይ ይሽጥ፣ ወይ አሁኑኑ ሁላችሁም ተጠራርጋችሁ ትወጣላችሁ!» አለችኝ። «ጋሽ ጂግሶ፣ በናትህ» አልኩት። «ሌላ ትሠራለህ።»

«ባለቤት አለው» አለ።

እመቤቲቱ አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፊታቸው ፈካ። «እንግዲያው ባለቤቱ ማነው?» አሉት።

ሙዚቃው በዚያች ደቂቃ ጋብ አለ። ጋሽ ጂግሶ የቃጫ ገመዱን ጣቱ ላይ ጠቀለለ። በዚያ አዳራሽ ከሦስታችን በቀር ጌዴኦኛ የሚያውቅ፣ ከኔ በቀር ወንድምየው ያለውን የሰማ ሰው የለም፤ እና «ልቡ ሊከዳው ነው» ብዬ ፈራሁ። ሸጦ ቢገላገል ማንም አይወቅሰውም፤ ወንድሞቹም ደጃቸውን አይዘጉበትም። እሱ ግን እጁን አነሳና ወደ ሸክላዎቹ ጠቆመ።

«የሱ ነው» አለ። «ዱካሌ።»

ከጠረጴዛው ሥር ቀስ ብሎ ሻሿ፣ ቀጥሎም ፊቷ ብቅ አለ።

«ምን አልካቸው?» አለችው በቋንቋቸው።

«ወንበሩ ያንቺ ነው አልኳቸው።»

«እኔን መቼ ለካኸኝ?»

«ስምንት ዓመት ሙሉ።»

«በምን?»

«በዓይኔ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ። «ወንድሞችህስ?» አለችው።

«ወንድሞቼ የየራሳቸው ወንበር አላቸው።»

እመቤቲቱ ምን እየተባለ እንደሆነ ጠየቁኝ። «ልትሞክረው ነው እሜቴ» አልኳቸው። አጃቢዎቹ መንገድ ለቀቁ። ዱካሌ ከጠረጴዛዋ ኋላ ወጥታ አዳራሹ መሃል መጣች፣ ወንበሩን ዞረችው፣ ሽመናውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች፣ ቀሚሷን ሰበሰበችና ተቀመጠች።

እግሯ መሬት አልደረሰም።

ትንሽ አይደለም፤ አንድ ስንዝር ሙሉ። ሁለቱ ጫማ አልባ እግሮቿ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ዕድሜ ልኩን በልክ ተሳስቶ የማያውቀው ጋሽ ጂግሶ ፊቱ አመድ መሰለ። የተሰበሰበው ሰው ሳቁን ለማፈን አፉን ያዘ፤ ኃላፊዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ስምንት ዓመት ስታየኝ እግር እንዳለኝ አላየህም?» አለችው ዱካሌ።

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ስታይ ነበር?»

«ፊትሽን።»

ይህን ብሎ በሁለት እጁ መጋዙን አንስቶ ተንበረከከ፤ የወንበሩን እግር ሊያሳጥር። ዱካሌ በእጇ ትከሻውን ያዘችው። በሰው ፊት ስትነካው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ተወው፤ አትቁረጠው» አለችው። «አርባ ዓመት መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። እግሬ ትንሽ ይረፍ።» ቀጥላም «ዲላ ስንደርስ ቤትህ ውስጥ የት ልታደርገው አስበሃል?» አለች።

«ምድጃው አጠገብ» አለ፣ እንደተንበረከከ።

«አይሆንም። ደጃፉ ላይ አድርገው። ወንድምህ ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ ይየኝ።»

ይህን እንዳለች እግሮቿን ማወዛወዝ ጀመረች፤ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ። እመቤቲቱ በሳቅ ጓንታቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። አዳራሹ በሙሉ ነገሩ የወንበሩ ማማር ብቻ መስሎት አጨበጨበ። ጋብቻ መሆኑን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የያዝኩትን የሰው ባርኔጣ ጥዬ ብቻዬን እልልታዬን አቀለጥኩት።